የአዳሪ ተማሪው እህት

ፊርማ ውሸቱን የሰማችው አፏን ስፒል ሞልታ ነው። መሰላል ላይ ወጥታ የወንድሟን የሳሎን መጋረጃ እየሰቀለች ነበር፤ ከታች ወንድሟ ሶፋው ላይ ተንፈላሶ፣ ለሚስቱና ሊጠይቋቸው ከሌላ ከተማ ለመጡት አማቱ፣ ለሚስቱ እናት፣ ስለ ተማረበት አዳሪ ትምህርት ቤት ያወራል። ለእያንዳንዳችን የራሳችን አልጋ ነበረን ይላል። ጠዋት ጠዋት ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይቀርብልን ነበር ይላል። ቁጥጥሩ ጠበቅ ያለ ቢሆንም ሰው ያደረገኝ እሱ ነው ይላል። አማትየው በየመሃሉ «እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ» እያሉ ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። ፊርማ ስፒሎቹን ትትፋቸው ወይስ ትዋጣቸው ግራ ገባት። ብትተፋቸው አብሯቸው የሚወጣው ነገር የዚህን ቤት ጣሪያ ያነሳል፤ ብትውጣቸው ደግሞ ሆዷ ውስጥ ካሉት ነገሮች ጋር ተስማምተው ይኖሩ ይሆናል። ለጊዜው ከንፈሯን ገጥማ አንዱን አወጣችና ጨርቁ ላይ ሰካችው። ትንሽ ጠንከር አድርጋ ነው የሰካችው።

ያ አዳሪ ትምህርት ቤት በምድር ላይ የለም። እሷና ወንድሟ ያደጉት በአንድ ማሳደጊያ፣ በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ድስት እየተጨለፈላቸው ነው። ወንድምየው ሊያገባ ሲል አንድ ቀን እሷ ቤት መጥቶ፣ ተሰፍቶ የተከመረ መጋረጃ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የልጅቷ ቤተሰቦች ወላጆቹ መሞታቸውን ሲሰሙ አዝነውለታል፤ ማሳደጊያ ያደገ ነው ከተባሉ ግን ልጃቸውን ይዘው ይነሳሉ አለ። ስለዚህ ልጅነታቸውን ለሁለት ተካፈሉት። ማሳደጊያው ለእሷ ደረሳት፤ ለእሱ ደግሞ አዳሪ ትምህርት ቤት ተሠራለት። ክፍያውን የሚከፍል ሰው ስላስፈለገ ወንዱን ብቻ ያስተማረ አንድ ሀብታም አጎት ተፈጠረ፤ በሠርጉ ቀን የት አለ እንዳይባልም ከሠርጉ በፊት በመኪና አደጋ እንዲሞት ተደረገ። አማትየው ዛሬም ድረስ አጎቱ በተነሳ ቁጥር ነፍስ ይማር ይላሉ፣ አንዳንዴ እንባም ይቀድማቸዋል። ፊርማ ያኔ እሺ ያለችው ወንድሟን ስለምትወድ ነው። ውሸቱ ይህን ያህል ዕድሜ ይኖረዋል ብላ ግን አላሰበችም።

ፊርማ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። በዚያ ማሳደጊያ ፍዳቸውን ያዩ ልጆችን፣ አሁን ሽበት ያበቀሉ ልጆችን፣ ሰብስባ ማህበር መሥርታ አቤቱታ ማስፈረም ከጀመረች ወዲህ ሰፈሩ የሰጣት ነው። እንጀራዋ መጋረጃ መስፋት ነው፤ መስኮት ልትለካ ገብታ ሳታስፈርም የወጣችበት ቤት የለም። ያለ ቦታው መንገድ ስትሻገር ያስቆማት ትራፊክ ፖሊስ እንኳ ሊቀጣት ብዕሩን ሲያወጣ፣ ብዕሩ ከወጣ አይቀር ብላ አስፈርማው ሄዳለች። ሱቅ ስትገባ ሰዉ «መነጽሬን ረስቻለሁ፣ እትዬ ፊርማ» ማለትን ሰላምታ አድርጎታል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የማሳደጊያው ቦርድ ሰው ፊት ቆሞ፣ እዚህ ልጆች ተበድለዋል፣ ይቅርታ፣ እንዲል። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ቦርዱ ዛሬ ከሰዓት ሊሰማቸው ቀጥሯል። ችግሩ የከሰል ክፍሉ ነው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ መስኮት የሌለው የከሰል ማስቀመጫ ነበር፤ አልጋቸውን ያረጠቡ ሕፃናት እዚያ ውስጥ ተቆልፎባቸው ያድሩ ነበር። የቦርዱ ጠበቃ፣ እዚያ ክፍል ከሰል እንጂ ሰው ገብቶ አያውቅም፣ ገብቼ ነበር የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳ፣ ብሏል። የማህበሩ አባላት ደግሞ ያን ጊዜ ትልልቆቹ ስለነበሩ በሩን የሚያውቁት ከውጭ ነው። ገብተው ካደሩት ትንንሾች አንዱ ሞቷል፣ አንዷ የት እንደገባች አይታወቅም፣ አንዱ ደግሞ ይኸው ከመሰላሉ ሥር ተቀምጦ ስለ ቅቤ ያወራል።

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አሉ አማትየው። «የልጅ ልጄም እንደ አባቷ አዳሪ ትግባ። የሚከፈለውን እኔም አግዛለሁ። ስልክ ላይ ተጥዳ ከምትውል እንደ አባቷ ሰው ትሁን።»

የወንድሟ ሚስት ቁጣ የማታውቅ ሴት ናት፤ «ገና ልጅ ናት እኮ» ብላ ጀምራ ባሏን አየችው። ባልየው ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ልጁን ነፍሱን እስኪስት ይወዳታል፤ ትምህርት ቤት ስትውል እንኳ ደህና መግባቷን ሳይጠይቅ ሥራ አይጀምርም። ግን ዕድሜ ልኩን ሲያሞግሰው የኖረውን ቦታ አሁን በምን አፉ ይንቀፈው። «እናስብበታለን» አለና ከአማቱ ዓይን ለመሸሽ ወደ መጋረጃው ቀና አለ፤ መጋረጃው ጋ እህቱ ነበረች። ተያዩ። እሷ አፏ ውስጥ ስፒል አለ፤ እሱ አፉ ውስጥ ምን እንደነበረ ራሱ ያውቃል።

ውሃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ስትገባ ተከትሏት ገባ። የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው አደጋ ሳይታሰብ እንደሚመጣ ሲያስረዳ ይውላል፣ የራሱ ጉዳይ ሲመጣ ግን ምላሱ ይታሰራል። በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እታለም፣ ዛሬ እንዳትጀምሪኝ» አላት።

«ምን አልኩህ?»

«ዓይንሽ ብሏል።»

«አንድ ነገር ነው የምትለው። ገብቼበት ነበር ትላለህ፣ ትወጣለህ። ከዚያ ወዲያ አዳሪ ትምህርት ቤትህን ዩኒቨርሲቲ ብታደርገውም አልናገርህ።»

«እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ የተውኩትን አንቺ ማይክ ልትሰጪው ነው። ምን ልበል? አልጋ የማረጥብ ልጅ ነበርኩ ልበል፣ አማቴ ፊት?»

«ይሄን ያህል ዘመን እኮ ሆነው። ደርቋል።»

ሊስቅ ትንሽ ቀረው፤ ግን አልሳቀም። በመኪና አደርስሻለሁ፣ በር ላይ አውርጄሽ እመለሳለሁ አለ። እሷም ብርጭቆውን አጠበች፤ እሱም የታጠበውን ብርጭቆ ተቀብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ አደረቀው። ፊርማን የሚያንገበግባት ምስክርነቱ ብቻ አልነበረም። የወንድሟ ልጅ አንዳንዴ «አክስቴ፣ አባዬ ትንሽ እያለ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» ብላ ትጠይቃታለች፤ እሷም «እኔ ምን አውቄ፣ እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ» ትላለች። ወንድሟ ግን ጥርሱ ሲነቀል ደሙን በቀሚሷ የጠረገችለት፣ የሷን ግማሽ ዳቦ እያጎረሰች ያሳደገችው ልጅ ነው። ይህ እንደሚያማት ለማንም አትናገርም፤ ለወንድሟም ተናግራው አታውቅም።

በር ላይ ማውረድ የሚባለው ነገር ግን አልሆነም። አማትየው ስብሰባ ሲባል ከሕመም አልጋ የሚነሱ ሴት ናቸው፤ በከተማቸው የማይቀመጡበት ኮሚቴ የለም፣ ያልተመረጡበት ካለም ገና ስላልሰሙ ነው። «ይቺ ምስኪን፣ ማሳደጊያ ያደገች እህትህ፣ ብቻዋን ትጋፈጣቸው?» አሉ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ቆዳውን እያጠለቁ። «ዘመድ ለመቼ ነው?» ሚስትየውም ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች። ወንድምየው የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ ቁልፉ የት ሄደ እያለ ቢፈልግም አማትየው ኪሱን መታ አድርገው አገኙለት። መንገድ ላይ ከማህበሩ አባላት አንዱን፣ ሆዱ ከመሪ ጋር የሚጣላ የአውቶቡስ ሹፌር፣ አሳፈሩ። ሹፌሩ ከወንድምየው ጋር አብሮ አደግ ነው፤ ሚስጥሩንም እንደ ሌሎቹ አባላት ያውቃል፣ ፊርማም ትንፍሽ እንዳይሉ ሁሉንም አስምላቸዋለች። ትንፍሽ አላለም። ግን ከኋላ ወንበር ሆኖ «ጌታዬ፣ እርስዎስ የት ነው የተማሩት? አዳሪ? አይ መታደል! ምሳስ ምን ያበሉዎት ነበር?» እያለ እስኪደርሱ ድረስ ተጫወተበት። አማትየው ስለ ቅቤው ነገሩት። ሹፌሩ ቅቤውን ሲሰማ በመስኮት ወደ ውጭ ዞሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ እሳቸውም ያለቀሰ መስሏቸው መሐረብ አቀበሉት።

ማሳደጊያው አሁን የእንግዳ ማረፊያና የስብሰባ አዳራሽ ሆኗል። የመኝታ አዳራሹ ግድግዳ ክሬም ቀለም ተቀብቶ፣ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጥግ ላይ የፕላስቲክ አበባ ቆሟል፤ የከሰል ክፍሉ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ፊርማ መጋረጃዎቹን አየችና ርዝመታቸው ወለሉን አይነካም፣ ሲሠሩ ጨርቅ ቆጥበዋል ብላ ትንሽ ተጽናናች። ከጠረጴዛው ወዲያ የቦርዱ ሊቀመንበር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ፣ ከጎናቸው ደግሞ ከረባቱን በየደቂቃው የሚያስተካክል ጠበቃ ተቀምጠዋል። ከወዲህ አባላቱ፦ ሹፌሩ፣ የባንክ ዘበኛው፣ አዋላጇ፣ ሌሎችም። ከኋላ በእንግዳ ወንበር ላይ የፊርማ ቤተሰብ ተሰየመ። ወንድምየው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን እያየ፣ መብራቱ የጠፋውን ስልክ እያየ፣ ጊዜውን ይገፋል።

ፊርማ በደንብ ተናገረች። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ግን ነገሩን አበላሹት። ጠበቃው ከረባቱን አስተካክሎ፣ እሺ፣ ክፍሉ ነበረ እንበል፣ በሩ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው ብሎ ጠየቀ። የባንክ ዘበኛው አረንጓዴ ነው አለ። አዋላጇ ሰማያዊ ነው አለች። ዘበኛው ዕድሜ ልኬን በር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የበር ነገር ለእኔ ተዪው አላት። እሷም አንተ ያኔም ቀለም ሳትለይ ነው ከትምህርት የተባረርከው አለችው። ሹፌሩ ሊያስታርቅ ገብቶ ቡናማ ሳይሆን አይቀርም ሲል ሁለቱም ተባብረው ጮኹበት። አማትየው ከኋላ ሆነው «በሥርዓት፣ በሥርዓት! እጅ እያወጣችሁ!» ማለት ጀመሩ። ጠበቃው ፈገግ ብሎ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ሊቀመንበሩም በትህትና፣ እንግዲህ ትዝታ ነውና ያሳስታል፣ ሻይ እንጠጣና እንዝጋው አሉ። ስንት ዓመት የለፋችበት ነገር በአንድ በር ቀለም ውሃ ሊበላው ነው።

ለሻይ ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ። ብስኩት ቀርቧል። ሚስትየው ፊርማን እጇን ይዛ «አይዞሽ እትዬ፣ ሰምተውሻል» አለቻት። አማትየው የሊቀመንበሩን ክንድ ይዘው ስለ ኮሚቴ አመራር እየመከሯቸው ነው። ወንድምየው የሻይ ሲኒውን ይዞ ከእህቱ አጠገብ ቆመ፣ የሚናገር መሰለ፤ «ሻዩ ስኳሩ በዝቷል» አለ። እሷም «አዎ» አለች። ሁለቱ ስለ ስኳር ብቻ ሲያወሩ ስንት ዘመን ሆናቸው። ይህን ጊዜ የአዳራሹ አስተናጋጅ፣ ምንም የማያውቅ የዋህ ሰው፣ እረፍቱ ማለቁን ለማሳወቅ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ትንሽ የእጅ ደወል አቃጨለ።

ሹፌሩ ብስኩቱን ሳያኝክ ዋጠው። አዋላጇ ሲኒዋን አስቀመጠች። ከዚያ ሁሉም፣ አንድም ሰው ሳያዛቸው፣ ሳይጋፉ፣ ቶሎ ቶሎ እየተራመዱ ገቡና የአዳራሹን ግድግዳ ተከትለው በአንድ ረድፍ ቆሙ፤ ሁለት እጃቸውንም መዳፉን ወደ ታች አድርገው ወደ ፊት ዘረጉ። ማሳደጊያው ውስጥ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ደወል ይደወል ነበር፤ ደወሉ የጥፍር ፍተሻ ነው። በቁመት ይሰለፋሉ፣ እጅ ይዘረጋሉ፣ ቆሻሻ የተገኘበት ጥፍር በማስመሪያ ጠርዝ ይመታል፣ አውርዱ ሳይባል እጅ አይወርድም። ፊርማ ምን እንደሠራች ያወቀችው የራሷን ሁለት እጆች ከፊቷ ተዘርግተው ስታያቸው ነው። በግራዋ ዘበኛው፣ በቀኟ አዋላጇ፣ ልክ እንደ ድሮው። አዋላጇ አፏ ውስጥ ብስኩት ስላለ ጉንጯ አብጧል፤ ለማኘክ ግን አልደፈረችም።

ሊቀመንበሩና ጠበቃው ሲገቡ ያ ረድፍ ተቀበላቸው። መጀመሪያ ሚስትየው ሳቅ አመለጣት፤ ማንም ሳይስቅ ሲቀር አፏን በእጇ ያዘች። ጠበቃው «ይህ እንግዲህ ድራማ ነው። ተለማምደው የመጡት ነው» አለ። ግን ረድፉ ድራማ አይመስልም ነበር፤ ድራማ ቢሆን ኖሮ ያምር ነበር። ይሄኛው ጠማማ ነው። ሁሉም የቆመው አሁን ባለው ቁመት ሳይሆን ያኔ በነበረው ነው። ከፊት፣ የረጅሞቹ ቦታ ላይ፣ ሹፌሩ ቆሟል፤ ያኔ ሁሉን የሚበልጥ ልጅ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ማደግ የተወ። ዘበኛው ከፊቱ ካሉት ሁለቱን በጭንቅላት ይበልጣቸዋል። ሊቀመንበሩ ረድፉን በዓይናቸው እየተከተሉ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ትንንሾቹ ቦታ ሄዱና እዚያ ዓይናቸው ቆመ። ከሁሉም መጨረሻ፣ ከሁሉም የሚረዝም፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ነበር።

ፊርማ አየችው። ደስ ይበላት ወይ ታልቅስ አላወቀችም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጣባት። ሲዋሽ የኖረው አፉ እንጂ እግሩ አልነበረም፤ እግሩ ማንንም ሳያማክር ወደ ቦታው ሄዷል። ሚስቱ ከእንግዳ ወንበሯ ተነስታ ቀረች፣ ወደፊትም ወደኋላም አልሄደችም። አማትየው ግን ሄዱ። ቆዳ ጫማቸው ቋ ቋ እያለ አዳራሹን አቋርጠው አማቻቸው ፊት ቆሙ፣ ቀና ብለው አዩት፤ እሱ ግድግዳውን እንጂ እሳቸውን አላየም።

«ይሄ ነው አዳሪ ትምህርት ቤቱ?» አሉት።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ልጅቷን እኮ እዚህ ልንልካት ነበር» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰባብሮ። ተመልሰው ወደ ወንድምየው ዞሩ። የተዘረጉትን እጆች በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ገለበጧቸው፣ መዳፉንም ጥፍሩንም አዩ፣ ጊዜ ወስደው አዩ።

«እጅህን አውርድ፣ ልጄ» አሉት። «ንጹህ ነው።»

እሱ አወረደ። ከሱ ቀጥሎ ያለችው አወረደች፤ ከዚያ አዋላጇ፣ ፊርማ፣ ዘበኛው፣ እስከ ሹፌሩ ድረስ እጅ በእጅ ላይ እየተከተለ ወረደ። አዋላጇ ብስኩቷን ማኘክ ቀጠለች። ጠበቃው ከረባቱን ሊያስተካክል እጁን አንስቶ ሳያስተካክለው መለሰው።

«በሩ ከውስጥ ቀለም አልተቀባም» አለ ወንድምየው። ለማንም አይደለም፣ ለምንጣፉ የሚናገር ይመስል ነበር። «ከውጭ የሚከራከሩበትን አላውቅም። ከውስጥ ባዶ እንጨት ነው። ከታች በኩል ስንጥቅ ነበረው፤ በስንጥቁ ነው ነግቶ እንደሆነ የማየው። አልጋ አረጥብ ነበር።» የመጨረሻውን ቃል ሲለው አማቱን አላየም፣ ሚስቱን ግን አያት።

ጠበቃው ሥራው ነውና ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ ሰው አባል አይደለም፣ እዚህ ማደጉንም ቦርዱ የሚያውቅበት መንገድ የለም፣ የሚያውቀው ሰው ይኑር አይኑር አልተገለጸም አለ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወንድምየውን እንደ ልጅ በቀስታ ጠየቁት፦ «የሚያውቅህ ሰው አለ?»

ወንድምየው እጁን አነሳና ወደ ረድፉ መሃል አመለከተ።

«እህቴ ታውቀኛለች» አለ። «አብረን ነው ያደግነው።»

አስተናጋጁ ማይኩን ይዞ ወደ ፊርማ ሮጠ። ማህበሩ ከተመሠረተ ወዲህ ማይክ ቀርቦላት እምቢ ብላ አታውቅም፤ ከሰው እጅ ነጥቃ የተናገረችበት ቀንም አለ። ዛሬ ማይኩን አየችው፣ አስተናጋጁን አየችው፣ ከንፈሯን ከፈተች። አንድም ቃል አልወጣላትም። ራሷን ብቻ ነቀነቀች፣ ደጋግማ ነቀነቀች፣ እንባዋ እየወረደ፤ ሊቀመንበሩም «ይመዝገብ» አሉ።